ከሩቅ የሚመጣ ውሃ

እኛ መምህራን ከጥቁር ሰሌዳና ከጠመኔ አቧራ ትንሽ አረፍ ብለን ከርመናል። አንዳንዶቻችሁ "በእረፍቱ የት ጠፋችሁ?" ብላችሁ ጠይቃችሁን ነበር። ሌሎቻችሁ ደግሞ "ሐይቅ ሄዱ አሉ፣ ደልቷቸዋል!" ብላችሁ እንዳማችሁን ሰምተናል። እውነት ነው፣ ሐይቅ ሄደናል። ያየነውን ለብቻችን ይዘን ብንቀር ግን ሐሜቱ ትክክል ይሆናልና ይኸው ልናካፍላችሁ ብቅ ብለናል።

የሄድነው ቱርካና ሐይቅ ነው። እዚህ ካኩማ አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ከዚያም በላይ ዓመት የኖርን ሰዎች በቱርካና ካውንቲ ነዋሪነት ስንመዘገብ እንኖራለን እንጂ ሐይቁን በዓይኑ ያየው ከመካከላችን ጥቂቱ ነው። ጠዋት ማታ ጄሪካን ደርድሮ ቧንቧ እስኪመጣ ለሚጠብቅ ሰው፣ ከሎድዋር ወዲያ ዓይን የማይጨርሰው ውሃ ተኝቷል ቢሉት ተረት ይመስለዋል። እኛም እስክናየው ድረስ እንደዚያው ነበርን።

ፓስና መንገድ

መጀመሪያ ፓስ ነው። ያለ ፓስ ከካምፕ መውጣት ምን እንደሚያመጣ ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ማመልከቻ አስገብተን ሦስት ሳምንት ጠበቅን፣ ሁለቴ "ነገ ኑ" ተባልን። በመጨረሻ የፈረንጆቹ ገና ካለፈ በኋላ፣ የእኛው ገና ሳይገባ፣ የአምስት ቀን ፈቃድ በእጃችን ገባ። አራት መምህራን ነን። ሁለቱ ኦርቶዶክስ፣ አንዱ ሙስሊም፣ አንዷ ፕሮቴስታንት። ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ጨው፣ ጥቂት ደብተርና አንድ ብልቃጥ ሚጥሚጣ ይዘን ማታቱ ተሳፈርን።

ከካኩማ ሎድዋር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ አስፋልት ሆኗል፣ የድሮውን አቧራ የምታስታውሱ ትቀናላችሁ። ከሎድዋር ወደ ካሎኮል ደግሞ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። ከካሎኮል በፊት፣ መንገዱ ዳር፣ ጥቋቁር የድንጋይ ምሰሶዎች ቆመው ታያላችሁ። ናሞራቱንጋ ይባላሉ። የአገሩ ሰው ሲጨፍሩ ድንጋይ ሆነው የቀሩ ሰዎች ናቸው ብሎ ይተርክላቸዋል። የጥንት ታሪክ አጥኚዎች ደግሞ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት በሐይቁ ዙሪያ የኖሩ እረኞች ያቆሟቸው ናቸው ይላሉ። አላፊ አግዳሚው በአናታቸው ላይ ጠጠር ያስቀምጣል። እኛም አስቀመጥን፣ መንገደኛ ነንና ምርቃት አይጠላም።

ካሎኮል ስትደርሱ የሚያስገርማችሁ የአሸዋው ብዛት አይደለም፣ አንድ ትልቅ ሕንጻ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በኖርዌይ መንግሥት እርዳታ የተሠራ የዓሣ ፋብሪካ ነው። ሐሳቡ ደግ ነበር። ከብቱን ድርቅ የጨረሰበትን እረኛ ዓሣ አጥማጅ ማድረግ፣ ዓሣውን አቀዝቅዞ ለከተማ መላክ። ነገር ግን ለማቀዝቀዣው የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክና ንጹሕ ውሃ ከዓሣው ዋጋ በላይ ሆነ። ፋብሪካው ለጥቂት ቀን ሠርቶ ቆመ። ብዙም ሳይቆይ ዓሣው ይመጣበት የነበረው ባሕረ ሰላጤ ራሱ በ1980ዎቹ መጨረሻ ደረቀ። ሕንጻው ለደረቅ ዓሣ መጋዘንነት አገልግሏል። ውድ አንባቢያን፣ በየካምፑ "ፕሮጀክት" የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎበት ውስጡ ባዶ የሆነ ቤት አይታችሁ ታውቁ ከሆነ ይህን ሕንጻ ሳታዩት ታውቁታላችሁ።

በጀልባ

ከካሎኮል ወዲያ ያለው ፈርጉሰን የሚባለው ባሕረ ሰላጤ ነው። ውሃው ጥልቀት የለውም፣ ለቆሮሶ ዓሣ መራቢያ የታወቀ ቦታ ነው። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ሎንጌች የሚባል ረጅም የአሸዋ ምላስ ወደ ሐይቁ ገብቶ ተኝቷል። እኛ የምንሄድባት ትንሽ መንደር እዚያ ላይ ናት። መኪና አይደርስባትም፣ ያለው ጀልባ ብቻ ነው።

ጀልባችን የእንጨት ነበረች፣ ከኋላዋ ትንሽ ሞተር ተገጥሞላታል። የሚነዳት ወጣት "ካፒቴን" ይባላል። ከመሳፈራችን በፊት በስዋሂሊ "መዋኘት የሚችል አለ?" ብሎ ጠየቀ። ከአራታችን አንዱ የሐዋሳ ልጅ ነውና እጁን አወጣ። ካፒቴኑም ሳቅ ብሎ "እንግዲያው ሦስቱን አንተ ታወጣለህ" አለው። ከዚያ በኋላ የሐዋሳው ልጅ ማዶ እስክንደርስ ድረስ ድምፁ አልተሰማም።

ካፒቴኑ ስለ ነፋሱ አስተማረን። በዚህ ሐይቅ ላይ ነፋስ ከደቡብ ምሥራቅ ይነሣል። ሌሊትና ጠዋት ይበረታል፣ ከሰዓት በኋላ ይበርዳል። ባሕረ ሰላጤው በአሸዋው ምላስ ስለተከለለ ይሻላል እንጂ ከዚያ ወጥቶ ዋናው ሐይቅ ላይ ማዕበሉ ትልቅ ጀልባም ይገለብጣል። አዞም አለ። "አዞውን አትፍሩት፣ ነፋሱን ፍሩት" አለን። አዞውንም አልናቅነውም።

ሐይቁን ስታዩት አረንጓዴ ነው። በውስጡ የሚበቅለው ጥቃቅን አልጌ ነው እንደዚያ የሚያስመስለው። ርዝመቱ ወደ 250 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በዓለም በበረሃ ውስጥ ካሉ ቋሚ ሐይቆች ትልቁ ነው። የሰሜኑ ጫፍ ኢትዮጵያ ውስጥ ይገባል። ቱርካናዎች በቋንቋቸው "ብዙ ዓሣ ያለበት ባሕር" ይሉታል። እውነትም ባሕር ነው። ውሃው ጨዋማ ነው፣ ሳሙና ሳሙና ይላል። የመንደሩ ሰው ግን ይጠጣዋል፣ ሌላ ምን አለው? ፍሎራይድ ስለበዛበት የልጆቹ ጥርስ ቡናማ ሆኗል። ከስምጥ ሸለቆ የመጣችሁ አገራችንም የምታውቁት ነገር ነው።

ከሬሽን ወረፋ የበቀለ መንደር

መንደሯ ከዘንባባ ቅጠል የተሠሩ ክብ ጎጆዎች፣ የዓሣ ማድረቂያ ቆጦች፣ የተጎተቱ ጀልባዎችና ሕፃናት ናት። ጥላ የሚሰጥ ዛፍ ብዙ የለም። ጥቂት ፍየሎች አሉ። ትምህርት ቤት አለ፣ ለእረፍት ተዘግቷል። የእንግዳ ማረፊያ የሚባል ነገር የለም። በካፒቴኑ በኩል መልእክት ልከን ስለነበር አንድ አዛውንት ጎጆ አስጠርገው ጠበቁን። ሁሉም "ምዜ" ይላቸዋል፣ እኛም እንደዚያው አልናቸው። እሳቸው ደግሞ ሁላችንንም "ምዋሊሙ" አሉን።

ማታ ሻይ አፍልተን ተቀምጠን፣ "ምዜ፣ እናንተ ከድሮም እዚህ ነበራችሁ?" ብለን ጠየቅናቸው። ሳቁ። "እኛ የግመልና የከብት ልጆች ነን" አሉ። "አባቴ ዓሣ አይበላም ነበር።"

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በቱርካና ላይ ክፉ ድርቅ ወረደ። ከብቱ አለቀ። መንግሥትና ሚሲዮኖች በዚህ ባሕረ ሰላጤ ዳር የእርዳታ ጣቢያ ከፈቱ፣ ሕዝቡም እህል ፍለጋ መጣ። ልብ በሉ፣ ሊኖር አልመጣም፣ ዝናብ እስኪመጣና ከብት እስኪያገኝ ሊቆይ ነው የመጣው። ሰጪዎቹ ከእህሉ ጋር መረብ ሰጡ፣ ማጥመድ አስተማሩ። ከድሮም በሐይቁ ዳር የሚያጠምዱ ጥቂት ቱርካናዎች ነበሩ፣ ግን በከብት አርቢው ዓይን ዓሣ መብላት የድህነት መጨረሻ ነበር። ሰውየው ከብት የለውም ማለት ነው፣ ከብት የሌለው ደግሞ ምን ሰው ነው?

"አባቴ ሲሞት እንኳ ‘ለጊዜው ነው እዚህ ያለነው’ ይል ነበር" አሉ ምዜ።

ይህን ሲሉ እርስ በርሳችን ተያየን። "ለጊዜው ነው" የሚለው ቃል ከማን ቤት እንደወጣ እናውቃለና! ካኩማ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲከፈት ማን ለሠላሳ ዓመት አለ? ሸራ የወጠርነው ለስድስት ወር ነበር። ልጆቻችን በዚያው ሸራ ሥር ተወልደው፣ እኛው አስተምረናቸው፣ ዛሬ እነሱም መምህር ሆነዋል።

ደግሞ ሌላም ነገር ታየን። እኛ ቱርካናን የምናውቀው በራችን ላይ ከሰልና ማገዶ ተሸክማ የምትመጣዋን እናት ነው። በዋጋ ተከራክረን እንሸኛታለን። ሬሽን ይቀበላሉ ብላ እኛን ትቀናብናለች፣ እኛ ደግሞ አገር አላት ብለን እሷን እንቀናባታለን። የእሷም ወገን በሬሽን ወረፋ ላይ ቆሞ እንደሚያውቅ ግን ጠይቀን አናውቅም ነበር።

የዓሣው ነገር

ጠዋት ወንዶቹ ሌሊት የዘረጉትን መረብ ሰብስበው ሲመለሱ ሴቶቹ ቢላ ይዘው ይጠብቃሉ። ዓሣውን በጀርባው ሰንጥቀው፣ ሆድ ዕቃውን አውጥተው፣ በጨው አሽተው ፀሐይ ላይ ይዘረጉታል። ማቀዝቀዣ የለም፣ ፋብሪካ የለም። ያለው ፀሐይ፣ ነፋስና ጨው ነው። ሲደርቅ በጆንያ ታስሮ በጀልባ ወደ ካሎኮል፣ ከዚያ በጭነት መኪና ወደ ሎድዋር፣ ከዚያም እስከ ኡጋንዳ ጠረፍ ቡሲያ ድረስ ይሄዳል፣ ከዚያ አልፎ ኮንጎ ይገባል። የኮንጎ ጎረቤቶቻችን ሲቀቅሉት ሽታው ያማረረን ያ ደረቅ ዓሣ፣ ቤተሰቡን አገኘንለት ማለት ነው።

እንግዲህ አስቡት። ኤሌክትሪክ የሚበላው ፋብሪካ በቀናት ቆመ፣ የሴቶቹ ቢላና የጨው ጆንያ ግን ስንት አሥር ዓመት ሠራ። ይህን ስንል ኑሯቸው አልጋ በአልጋ ነው ማለታችን አይደለም። ዋጋውን የሚቆርጠው ነጋዴ ነው። መረብ በዱቤ ይወስዳሉ፣ ዕዳውን በዓሣ ይከፍላሉ፣ ዓሣው ሲያንስ ዕዳው ያድራል። በጠባብ ዓይን መረብ ጫጩቱ ሁሉ እየተጠመደ እንደሆነም ራሳቸው ይናገራሉ። ሴቶቹ ግን በየሳምንቱ ገንዘብ እያዋጡ በተራ ይወስዳሉ፣ የዘንባባ ቅርጫት እየሠሩም ይሸጣሉ። "ይሄማ ዕቁብ ነው!" ብላ ባልደረባችን ስትነግራቸው፣ "እናንተም አላችሁ?" ብለው ተደነቁ። ዕቁብ የፈጠርነው እኛ ብቻ ይመስለን ነበር።

ለእራት የተጠበሰ ዓሣ ከኡጋሊ ጋር ቀረበልን። የገና ጾም አልወጣም ነበርና ሁለቱ ኦርቶዶክሶች "ዓሣ ይበላል፣ አይበላም" የሚለውን የዘመናት ክርክር እዚያው ጀመሩ። አንዱ አያቱን ጠቀሰ፣ ሌላው የንስሐ አባቱን። ሙስሊሙ ጓደኛችን "እናንተ ጉባኤውን እስክትጨርሱ እኔ ልጀምር" ብሎ እጁን ሰደደ። ሚጥሚጣችንንም አወጣን። ምዜ አንድ ቁራሽ ነክተው ከቀመሱ በኋላ ውሃ ጠጡ፣ ዓይናቸውን ጠረጉ፣ ከዚያም ዝም ብለው ብልቃጡን ወደ ራሳቸው ጠጋ አደረጉት። እዚያው ትተንላቸው መጣን።

ካርታው ላይ የሚያልቀው ኦሞ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እኛ በመምህራን ማሠልጠኛ ስንማር፣ ኋላም ስናስተምር፣ ስለ ኦሞ ወንዝ የምንለው አጭር ነበር። "ከደጋው ይነሣል፣ ከጊቤና ከጎጀብ ይቀላቀላል፣ ወደ ደቡብ ወርዶ ሩዶልፍ ሐይቅ ይገባል።" አራት ነጥብ። ከዚያ ሰሌዳው ይጠፋል። ሩዶልፍ የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1888 የመጡት ቴሌኪና ፎን ሆነል የሚባሉ አሳሾች ለኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ክብር የሰጡት ነው፤ ከ1975 ጀምሮ ስሙ ቱርካና ሆኗል። ስሙ ተለወጠ፣ የእኛ ትምህርት ግን ያው ድንበሩ ላይ ይቆማል። ከጠመኔው መስመር በኋላ ሰው ይኑር አይኑር አልጠየቅንም፣ ተማሪም አልጠየቀን።

ሰው አለ። የዚህ ሐይቅ ውሃ ወደ 90 በመቶው የሚመጣው ከኦሞ ነው። ቱርክዌልና ኬሪዮ የሚባሉት ወንዞች የሚያመጡት ጥቂት ነው። ሐይቁ መውጫ የለውም። ፀሐይዋ በዓመት ከሁለት ሜትር በላይ የሆነ ውሃ ትጠጣለች፣ ኦሞ ደግሞ ይተካል። እንግዲህ በክረምት በወልቂጤ፣ በጅማ፣ በዳውሮ የወረደው ዝናብ ተጠራቅሞ እዚህ ሲደርስ ሐይቁ በኅዳርና በታኅሣሥ ገደማ ከፍ ይላል። ማለት፣ እኛ የደረስነው የአገራችን ክረምት እዚያ በገባበት ሰሞን ነበር።

ከአራታችን አንዱ የጅማ ልጅ ነው። ይህን ስናወራ ተነሥቶ ወደ ውሃው ዳር ሄደና እጁን ነከረ። ምን እያሰበ እንደሆነ ስንጠይቀው "ይሄኔ የእናቴ ጓሮ ውሃም አለበት" አለ። ከአገር ከወጣ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ሌላ የተናገረ ሰው አልነበረም።

በሁለተኛው ማታ ምዜ አንድ ጥያቄ ጠየቁን። "እናንተ ከላይኛው አገር ናችሁ። ውሃው መቼ እንደሚያንስ፣ መቼ እንደሚበዛ ትሰማላችሁ?" አሉ።

ለምን እንደጠየቁ ይገባናል። የጊቤ ሦስት ግድብ እ.ኤ.አ. በ2015 ውሃ መያዝ ሲጀምር በሁለት ዓመት ውስጥ ሐይቁ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወረደ። ባሕረ ሰላጤው ጥልቀት የለውምና አንድ ሜትር እዚያ ብዙ ነው፤ ዳርቻው ርቆ ይሄዳል፣ ቆሮሶው የሚራባበት ሣር የብስ ላይ ይቀራል። "ያኔ ሐይቁ ሊያልቅ ነው ብለን አለቀስን" አሉ ምዜ። ከዚያ ደግሞ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ተቃራኒው መጣ። ከባድ ዝናብ በተከታታይ ወረደ፣ ሐይቁም ሞላ። ውሃው ጎጆ ውስጥ ገባ። ሁለቴ ቤታቸውን ነቅለው ወደ ላይ ሄደዋል። ለደረቅ ጊዜ ሲዘጋጅ የነበረ ሰው ጎርፍ መጣበት።

እኛም እንደ መምህርነታችን የምናውቀውን ነገርናቸው። የጎርፉ ምክንያት ግድቡ አይደለም፤ በዚያው ጊዜ ባሪንጎም፣ ናኩሩም፣ ናይቫሻም ሞልተዋል፤ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በሙሉ ናቸው። የግድቡ ነገር ሌላ ነው። ግድብ የክረምቱን ጎርፍ ይይዝና ዓመቱን በሙሉ ቀስ እያለ ይለቃል። ጠቅላላው ውሃ ባይቀንስ እንኳ ከፍና ዝቅ ማለቱ ይደበዝዛል። ዓሣ ደግሞ የሚራባው በዚያ ከፍታ ነው፣ ውሃው ወጥቶ ሣሩን ሲሸፍን። የላይኛው አገር ሰውም ቢሆን ተመችቶት አይኖርም። እ.ኤ.አ. በ2006 በኦሞ ጎርፍ በዳሰነች ከ300 በላይ ሰዎች አልቀዋል። በቅርቡም በ2023 እና በ2024 ውሃው ብዙ የዳሰነች ቤተሰቦችን አፈናቅሏል።

ምዜ ሁሉንም አዳመጡ። ከዚያ "ጥያቄዬን ግን አልመለሳችሁም" አሉ። "ስለ ውሃው የሚነግረን ማነው?"

እውነታቸውን ነው። ለእኛም የሚነግረን የለም። ውሃው የእኛ አገር ነው እንጂ መዘውሩ በእኛ እጅ አይደለም። ይህንኑ ስንነግራቸው "እንግዲያው እናንተም ከታች ናችሁ" ብለው ሻይ ቀዱልን።

የቧንቧችን ትምህርት

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ዓምድ ፖለቲካ አንጽፍም፣ ዛሬም አንጀምርም። አገራችን መብራት አያስፈልጋትም የሚል ከመካከላችን የለም። በኩራዝ መብራት ተምረን ነው መምህር የሆንነው። ነገር ግን በካምፓችን ቧንቧ አንድ የምናውቀው ነገር አለ። ከላይ ያለው ብሎክ በሙሉ ኃይል ሲከፍት ከታች ያለው ብሎክ ጄሪካን ባዶውን ይውላል። ከታች ያለው ሰው የሚጠይቀው "ዝጉት" ብሎ አይደለም። "ስንት ሰዓት እንደምትከፍቱ ንገሩን፣ ለእኛም ተዉልን" ብሎ ነው። ይህን ጥያቄ በየቀኑ የምንጠይቅ ሰዎች፣ ከኦሞ መጨረሻ ሲመጣ ልንሰማው ይገባናል።

ሬሽኑም እንደዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ምግብ ሲቀነስ ምን እንደሆንን አንረሳውም። የተቆረጠው ሩቅ አገር፣ ስማችንን በማያውቁ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ነው። ከሩቅ የሚመጣ ነገር ይመጣል፣ ይቀራል፣ ይበዛል፣ ያንሳል፤ ማንም አስቀድሞ አይነግርህም። የሎንጌች ሰዎች ይህን ከእኛ በፊት ተምረውታል። ጎጆአቸውን የሚሠሩት በአንድ ቀን ነቅለው እንዲሄዱ ነው። ሙያውን ግን ይዘውት ይሄዳሉ። መረብ መጠገን፣ ዓሣ መሰንጠቅ፣ ቅርጫት መሥራት፣ ዕቁብ መጣል ውሃ አይወስደውም።

ይህን የምንለው "እናንተም ዓሣ አጥማጅ ሁኑ" ለማለት አይደለም። ስደተኛ ከካምፕ ለመውጣት እንኳ ወረቀት እንደሚያስፈልገው እያወቅን እንዲህ ብንል ቀልድ ይሆናል። "ለጊዜው ነው" የሚለው ቃል ሙያ ከመማር አያግደን ለማለት ነው። የምዜ አባት "ለጊዜው ነው" እያሉ መረብ መጠገን ለልጃቸው አስተማሩ። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። አገር መናፈቅና መረብ መጠገን አይጣሉም።

እኛ መምህራንም የራሳችንን ድርሻ ተማክረናል። በሚመጣው ተርም ስለ ኦሞ ስናስተምር ጠመኔው ድንበሩ ላይ አይቆምም። ወንዙን እስከ ሐይቁ፣ ሐይቁን እስከ ጎጆው እንስላለን። ተማሪዎቻችንም ለሎንጌች ልጆች በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ይጽፋሉ። ካፒቴኑ ካሎኮል ድረስ ከመጣለት ሊያደርስልን ቃል ገብቷል። የእነሱ መምህርም ይመልሱልናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። መልስ ከመጣ በዚሁ ዓምድ እናወጣዋለን።

ለመሄድ ለምታስቡ

ብዙዎቻችሁ እንደምትጠይቁን ስለምናውቅ ጥቂት ምክር እንጨምር።

አንደኛ፣ ፓስ ስትጠይቁ አንድ ቀን ትርፍ ጠይቁ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ልንመለስ ስንነሣ ነፋሱ ሐይቁን አንሥቶት ነበር። ካፒቴኑ "አልሄድም" አለ። ፓሳችን የሚያልቀው በዚያው ቀን ነው። ብንለምነው፣ ብንቆጣው፣ ፓሱን ብናሳየው "ነፋሱ አያነብም" ብሎ መረቡን መጠገን ቀጠለ። ትክክል ነበር። ከሰዓት በኋላ ሲበርድ ተሻገርን፣ ካኩማ የደረስነው ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። መንገድ ላይ ያስቆመን ፖሊስ ወረቀቱን አገላብጦ፣ ሰዓቱን አይቶ፣ እኛን አይቶ አሳለፈን። እስኪያሳልፈን ድረስ ግን ላባችን ሌላ ሐይቅ ሠርቶ ነበር።

ሁለተኛ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አትሳፈሩ፣ ከካሎኮል ሳትነሡ ጠይቁ። ዋጋውንም መሄጃና መመለሻ አድርጋችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ሦስተኛ፣ የሚጠጣ ውሃ ከሎድዋር ይዛችሁ ሂዱ፣ ለራሳችሁም ለአስተናጋጃችሁም። ስኳርና ሻይ ቅጠል ከብር የበለጠ ይከበራል።

አራተኛ፣ ሰው ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሡ። እኛንም ሬሽን ወረፋ ላይ ሲያነሡን ምን እንደሚሰማን ታውቁታላችሁ።

አምስተኛ፣ ከውሃው ዳር ከመውረዳችሁ በፊት ልጆቹ የት እንደሚዋኙ እዩ። ልጆቹ የማይገቡበት ቦታ አዞው የገባበት ነው።

ለዛሬው በዚሁ እናብቃ። በሚቀጥለው እትም ወደ ተለመደው የፈተናና የመጻሕፍት ጉዳያችን እንመለሳለን። እስከዚያው ግን ጠዋት በራችሁ ላይ ከሰል ይዛ ለምትቆመው እናት፣ ከዋጋው በፊት፣ አንድ ጊዜ "ከወዴት ነሽ? አባትሽስ ምን ይሠሩ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁልን። ቸር ይግጠመን!